«ፋየርዎሉ ጠፍቷል» ሲለን ማንን እንመን?

በየትምህርት ተቋሙ የሚገኙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች አንድ የጋራ ዐመል አላቸው። ገና ተከፍተው ሳይረጋጉ ከስክሪኑ ግርጌ በስተቀኝ ጥግ ቀይ ምልክት ብቅ ይልና «ፋየርዎሉ ጠፍቷል፤ ኮምፒዩተርዎ አደጋ ላይ ሊሆን ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ጸረ ቫይረሱ ሲከፈት ደግሞ አረንጓዴ ምልክት አሳይቶ «ሁሉም ደኅና ነው፤ ፋየርዎሉ በሥራ ላይ ነው» ይላል። አንዱ ጠፋ ሲል ሌላው አለ ይላል። ታዲያ ማንን እንመን?

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የኮምፒዩተር ክፍሉን ኀላፊ ብቻ የሚያሳስብ ተራ የዕቃ ብልሽት ይመስላል። በእኛ እምነት ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዛሬ በሥልጠና ላይ ያሉት ነገ ከላላ፣ ወግዲ፣ ቦረና፣ ለጋምቦ ወይም ሌላ ወረዳ ይመደባሉ። በሚመደቡበት የገጠር ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ቢገኝ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው፤ እሱም ሌላ ቦታ አገልግሎ የመጣ አሮጌ። በዚያ በአንዱ ላይ የተማሪው ስም ዝርዝር፣ የሴሚስተሩ ውጤት፣ የፈተናው ጥያቄ ሁሉ ተከማችቶ ይገኛል። ቴክኒሺያን ቢፈለግ መካነ ሰላም፣ ካልሆነም ደሴ ድረስ መሄድ ነው። ስለዚህ ያ ቀይ ምልክት ሲወጣ ፈራጁ መምህሩ ራሱ ነው። ፍርዱም የብዙ ልጆችን የዓመት ልፋት ሊያተርፍም ሊያጠፋም ይችላል።

በየኮምፒዩተር ክፍሉ ስንመለከት በዚህ ማስጠንቀቂያ ፊት ሦስት ዓይነት ሰዎች እናያለን። የመጀመሪያው «ይሄ እኮ ሁልጊዜ የሚለው ነው» ብሎ ምልክቱን ዘግቶ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለተኛው ይናደድና ማስጠንቀቂያውን ብቻ ሳይሆን ጸረ ቫይረሱንም ፋየርዎሉንም አንድ ላይ ያጠፋቸዋል፤ «አሁን ገና ሰላም አገኘን» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ በድንጋጤ «ፎርማት ይደረግ!» ይላል። ፎርማት ማለት ቤቱ ውስጥ አይጥ ታየች ተብሎ ጎተራውን ከነእህሉ ማቃጠል መሆኑን የሚያስታውሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ሦስቱም አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። አንዳቸውም «ይህ ማስጠንቀቂያ ከየት መጣ? ለምን?» ብለው አልጠየቁም። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ግን ስሙን እናጥራ። ብዙ ሠልጣኞች ጸረ ቫይረስንና ፋየርዎልን አንድ አድርገው ሲያወሩ እንሰማለን። ሁለቱ የተለያዩ ዘበኞች ናቸው። ፋየርዎል ከግቢው በር ላይ የቆመ ዘብ ነው፤ በኔትወርክ የሚገባውንና የሚወጣውን ማን እንደ ሆነ ጠይቆ ያሳልፋል ወይም ይመልሳል። ጸረ ቫይረስ ግን ግቢ ውስጥ የሚዞር ፈታሽ ነው፤ ፋይሎችን እያነሣ በያዘው የወንጀለኞች መዝገብ ያመሳክራል፣ ጠባያቸውንም ይመለከታል። በዚህ ላይ ሦስተኛ ሰው አለ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2004 ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሁለተኛውን የማሻሻያ ጥቅል ሲያወጣ ፋየርዎሉ ሳይጠየቅ በራሱ እንዲበራ አደረገ፤ «ሴኩሪቲ ሴንተር» የሚባል ተቆጣጣሪም ጨመረ። የዚህ ተቆጣጣሪ ሥራ ዘብ መቆም አይደለም፤ ዘበኞቹ መኖር አለመኖራቸውን እየዞረ መጠየቅና ሪፖርት ማድረግ ነው። «ፋየርዎሉ ጠፍቷል» የሚለን ብዙውን ጊዜ ይኸው ሪፖርት አቅራቢ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዘበኛው ሥራ ላይ ሆኖ ሳለ ሪፖርት አቅራቢው ሊሳሳት ይችላል። ሐሰተኛው ማስጠንቀቂያ የሚወለደው ከዚህ ላይ ነው።

እንዴት ይሳሳታል? ምክንያቶቹን ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንያቸው።

አንደኛው የማሽኑ ዝግታ ነው። አነስተኛ ሜሞሪ ያለው አሮጌ ኮምፒዩተር ሲከፈት ሁሉም ፕሮግራም በአንድ በር ሊገባ ይጋፋል። ተቆጣጣሪው ቀድሞ ይነሣና ስም ይጠራል፤ ጸረ ቫይረሱ ከነፋየርዎሉ ገና ጫማውን እያሠረ ነው። «አቤት» የሚል ሲጠፋ ቀሪ ተብሎ ይመዘገባል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ማስጠንቀቂያው በራሱ ከጠፋ ምክንያቱ ይህ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። መድኃኒቱም ሲከፈት አብረው የሚነሡትን አላስፈላጊ ፕሮግራሞች መቀነስና ኮምፒዩተሩ እስኪረጋጋ ኔትወርክ አለማገናኘት፣ ፍላሽም አለመሰካት ነው። ትዕግሥት ዋጋ የላትም የሚል ካለ እዚህ ላይ ይመልከት።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ትርጉም ስላለው ሰፋ አድርገን እናየዋለን። በኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ ባትሪ አለች፤ በብዙዎቹ ላይ ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ናት። ኮምፒዩተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱ እንዳይቆም የምታደርገው እሷ ናት። ከዓመታት በኋላ ስትደክም ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር ቀኑን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ጸረ ቫይረሱ ታዲያ የተሳሳተውን ቀን ይዞ ሒሳብ ይሠራል፤ ፈቃዱ ገና አልጀመረም ወይም አልቋል ይላል፤ የወንጀለኛ መዝገቡን ከአምራቹ ለማምጣት ሲሞክርም ይመለሳል። ምክንያቱም በኢንተርኔት ላይ ያለ የመታወቂያ ሰርተፊኬት ሁሉ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ቀኑ የተዛባበት ኮምፒዩተር ትክክለኛውን ሰርተፊኬት ሐሰተኛ ነው ብሎ ይጥለዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። ባትሪው ደኅና ሆኖም ሰው ሊያሳስተው ይችላል። በቅን ልቡና ተነሣስቶ በኮምፒዩተሩ ላይ የእኛን ዓመተ ምሕረት የሚሞላ ሰው አይጠፋም። ኮምፒዩተሩ ግን ያንን ቁጥር የሚያነበው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ጧት 2 ሰዓት ሲሆን 2 ብሎ የሚሞላም አለ፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ያ ሌሊት ነው፤ የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል። የሰዓት ቀጠና ሲመረጥም በዊንዶውስ ዝርዝር ላይ አዲስ አበባ የሚል ስለማይገኝ የዘፈቀደ ስም የሚመርጥ ብዙ ነው፤ ለእኛ ትክክለኛው ናይሮቢ የሚለው፣ 3 ሰዓት የሚቀድመው ነው። የቀን አቆጣጠራችን ኩራታችን ነው፤ ከግድግዳችን ላይ ይሰቀል፤ ከደብዳቤያችን ላይ ይጻፍ። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ግን የማሽኑን አቆጣጠር እንተውለት። ማንኛውም ሠልጣኝ ሌላ ነገር ከመነካካቱ በፊት ዐይኑን ወደ ሰዓቱ ቢወረውር ብዙ ድካም ይቀርለታል እንላለን።

ሦስተኛው ምክንያት የዘበኛ መብዛት ነው። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ተረት ለሰው ኑሮ መልካም ምክር ነው። በኮምፒዩተር ላይ ግን ሰውን አሳስቷል። አንድ ጸረ ቫይረስ እያለ ሌላው ከጓደኛ ፍላሽ ተገልብጦ ይጫናል። ሁለቱም አንድ ፋይል በአንድ ጊዜ ሊፈትሹ ይሻማሉ፤ አንዱ ሌላውን እንደ ሌባ ሊጠረጥረው ይችላል፤ አሮጌው ማሽንም በመካከላቸው ይንገዳገዳል። ከዚህም ሌላ የራሱ ፋየርዎል ያለው ጸረ ቫይረስ ሲጫን የዊንዶውሱን ፋየርዎል ማሳረፉ የተለመደ አሠራር ነው፤ «እኔ ስላለሁ አንተ ዕረፍ» ማለቱ ነው። ተቆጣጣሪው ይህን ርክክብ በትክክል ካልመዘገበ የዊንዶውሱን ማረፍ ብቻ አይቶ «ፋየርዎሉ ጠፋ!» ብሎ ይጮኻል። ጸረ ቫይረሱ ከተነሣ በኋላም ርዝራዡ ይቀርና ሟቹ እንዳለ ተቆጥሮ ሲጠራ ይኖራል። መፍትሔው አንዱን መርጦ ሌላውን ከኮንትሮል ፓነል በሥርዓት ማውጣት፣ ቀጥሎም ብዙዎቹ አምራቾች ለራሳቸው ምርት ያዘጋጁትን የርዝራዥ ማጽጃ ማስኬድ፣ ከዚያም ኮምፒዩተሩን ዘግቶ መክፈት ነው። ዘበኛ አንድ ይበቃል፤ ግን የነቃ ይሁን።

አራተኛው የመብራት መቋረጥ የሚያመጣው ነው። ተቆጣጣሪው ስለ ዘበኞቹ የሚጠይቀው በዊንዶውስ ውስጥ ካለ አንድ የመረጃ ማኅደር ነው። ኮምፒዩተሩ በሥራ ላይ እያለ መብራት ድርግም ሲል ይህ ማኅደር ሊበላሽ ይችላል። የተበላሸ ማኅደር የሚያነብ ጸሐፊ የሞተውን አለ፣ ያለውን ሞተ ብሎ ቢጽፍ ምን ይገርማል? እዚህ ላይ ማኅደሩን የሚመረምርና የሚጠግን የዊንዶውስ ትእዛዝ አለ፤ ሥራው ግን የኮምፒዩተር መምህሩ ባለበት ቢሆን ይመረጣል። ሠልጣኙ በራሱ ሊያይ የሚችለው የአገልግሎቶችን ዝርዝር ከፍቶ ፋየርዎሉና ሴኩሪቲ ሴንተሩ በሥራ ላይ መሆናቸውን ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ፋየርዎሉ «ቤዝ ፊልተሪንግ ኢንጅን» በሚባል ሌላ አገልግሎት ላይ ተደግፎ የሚቆም ስለሆነ ያ ከቆመ ፋየርዎሉም አይነሣም። ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያው ሐሰት ሳይሆን ፍጹም እውነት ይሆናል።

ከላይ የዘረዘርናቸውን መልሰን ስናያቸው አንድ ቁም ነገር ይወጣል። ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ ስለ ሌላ ነገር እውነት ይናገራል። ፋየርዎሉ አልጠፋ ይሆናል፤ ግን ባትሪው ሞቷል፣ ወይም ሁለት ጸረ ቫይረስ ተጭኗል፣ ወይም ማኅደሩ ተጎድቷል። ይህ ለመምህር እንግዳ ነገር መሆን የለበትም። አንድ ልጅ 52 ሲቀነስ 38 ስንት ነው ተብሎ 26 ብሎ ቢጽፍ ጎበዝ መምህር ቀይ መስመር አስምሮ ብቻ አያልፍም። ልጁ ከትልቁ አኀዝ ላይ ትንሹን እየቀነሰ መሆኑን፣ መበደር የሚባለው ነገር ገና እንዳልገባው ከዚያ ስሕተት ላይ ያነባል። መልሱ ስሕተት ነው፤ ስለ ልጁ አስተሳሰብ ግን እውነት ይናገራል። የማሽኑንም ስሕተት እንዲሁ ማንበብ ነው። «በቃ ተበላሽቷል» የሚል መምህር ነገ ስለ ልጁም «በቃ ሰነፍ ነው» ከማለት አይመለስም የሚል ሥጋት አለን።

አንዳንድ ሠልጣኞች «ጸረ ቫይረስ ሠሪዎቹ እኮ አዋቂዎች ናቸው፤ እነሱ ያሉትን እንመን» ሲሉ ሰምተናል። አዋቂ መሆናቸውን አንክድም። ነገር ግን ሚያዝያ 13 ቀን 2002 ዓ.ም፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 2010 የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። ማካፊ የተባለው ታዋቂ ኩባንያ በዚያ ቀን ባሠራጨው የመዝገብ ማሻሻያ ውስጥ አንድ የዊንዶውስ ኤክስፒ ዋና የሥራ ፋይል ቫይረስ ነው ተብሎ ተመዘገበ። ጸረ ቫይረሱም እንደ ታዘዘው ፋይሉን ያዘ። በልዩ ልዩ አገሮች ኤክስፒ የሚጠቀሙ የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች እየተዘጉ እየተከፈቱ፣ ከኔትወርክም እየተቆረጡ ሥራ ቆመ። ጠባቂው ራሱ ባለቤቱን አሰረ ማለት ነው። እንግዲህ ማመን ብቻውን አይበቃም።

ታዲያ ማስጠንቀቂያውን ሁሉ ሐሰት ብንለውስ? ይህም ከዚያ የባሰ ነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሕሙማንን እስከ መመለስ ደረሱ። ይህ ቫይረስ የሚገባው ማንም ሰው ምንም ሳይጫን፣ በኔትወርክ በኩል፣ የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ በሆነው በ445ኛው በር ነበር። በሩ በፋየርዎል የተዘጋበት ከዚህ መንገድ ተርፏል። ማይክሮሶፍትም መድፈኛውን ማሻሻያ ያወጣው ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች 2017 ነበር። «አሻሽል» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ሲዘጉ የኖሩት ተያዙ። ጥገናው ላበቃለት ለኤክስፒ ልዩ መድፈኛ የወጣው ወረርሽኙ ከተነሣ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ደግሞ መድገም አያሻንም።

ሌላም አለ፤ ይኸውም ራሱ ማስጠንቀቂያው ሌባ ሲሆን ነው። በኢንተርኔት ስንዘዋወር ስክሪኑን የሚሞላ፣ አንዳንዴም ድምፅ የሚያሰማ «ኮምፒዩተርዎ በቫይረስ ተይዟል፤ ፋየርዎልዎ ተሰብሯል፤ አሁኑኑ ይህን ይጫኑ» የሚል ገጽ ይወጣል። ይህ የቆየ ንግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን «ዊንፊክሰር»ና «ኤክስፒ አንቲቫይረስ» የመሳሰሉ ሐሰተኛ ፕሮግራሞችን የሚሸጡ ሰዎችን ከሶ፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሸማች መታለሉን አስታውቋል። በ2012 ፍርድ ቤቱ ከ163 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈል ወሰነ። ይህን ዓይነቱን ለመለየት ከባድ አይደለም። እውነተኛው የዊንዶውስ ማስጠንቀቂያ ስልክ ደውሉ፣ ካርድ ቁጥር አምጡ አይልም። በተቋሙ ኮምፒዩተር ላይ ያልተጫነ የጸረ ቫይረስ ስም ይዞ አይመጣም። የኔትወርኩን ገመድ ነቅላችሁ ብራውዘሩን ስትዘጉት አብሮ ከጠፋ ይናገር የነበረው ገጹ እንጂ ኮምፒዩተራችሁ አልነበረም። አንድም ነገር ሳትጫኑ፣ «እሺ»ም «አይ»ም ሳትሉ መስኮቱን መዝጋት ነው።

ስለ ግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራሞችም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። እንደ ፓወር ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች የምንነካውን ቁልፍ ተቀብለው ወደ ፊደላችን ይለውጡልናል። የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ሰላይ ፕሮግራምም የሚሠራው ቁልፍ በማዳመጥ ነው። ፊደላችንን የማያውቅ ጸረ ቫይረስ በጠባይ ብቻ ሲፈርድ ንጹሑን ሊጠረጥር ይችላል። ነገር ግን ወዲያው «ይህ የእኛው ነው፤ ፍቀድለት» ብለን ከመጫናችን በፊት ቅጂው ከየት እንደ መጣ እንጠይቅ። ከዋናው ምንጭ የተገኘ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ሲዞር የኖረ፣ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ ከሆነ ግን ጸረ ቫይረሱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሰባሪው በፊደላችን ውስጥ ምን ደብቆ እንደ ላከልን አናውቅምና።

እዚህ ላይ ዋናውን ሐሳባችንን ግልጽ እናድርግ። ስለ ፋየርዎል እንጨነቃለን፤ ፋየርዎል የሚጠብቀው ግን የኔትወርኩን በር ነው። ኔትወርክ በማይታወቅበት ወይም በሚቆራረጥበት በእኛ ደጋ ግን ትልቁ በር ፍላሽ ነው። ከእንተርኔት ካፌ ወደ ማተሚያ ቤት፣ ከማተሚያ ቤት ወደ ጽሕፈት ክፍል፣ ከጽሕፈት ክፍል ወደ ኮምፒዩተር ክፍል አንድ ፍላሽ በአንድ ቀን ስንት በር ይረግጣል? ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ያላየ ሠልጣኝ ያለ አይመስለንም። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የተነሣው ኮንፊከር የተባለው ቫይረስም በኔትወርክ ብቻ ሳይሆን በፍላሽ ጭምር ነው የተሠራጨው፤ ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራሙ በራሱ እንዲነሣ የሚፈቅደውን የዊንዶውስ ልማድ ተጠቅሞ። ስለዚህ ኔትወርክ በሌለው ኮምፒዩተር ላይ ስለ ጠፋ ፋየርዎል እየተጨነቅን ያልተፈተሸ ፍላሽ የምንሰካ ከሆነ፣ የፊቱን በር ቆልፈን የጓሮውን ወለል አድርገን ከፍተናል።

በዚህ ላይ «መዝገቡ አርጅቷል» የሚለው ማስጠንቀቂያ አለ። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ሳይመለስ በቆየበት ጊዜ በኔትወርክ ማሻሻያ ማምጣት ያልተቻለባቸው ኮምፒዩተሮች ማስጠንቀቂያ ቢያሰሙ ሐሰት ተናገሩ አይባሉም። ለእንዲህ ያለው ጊዜ መላ አለ። ማይክሮሶፍትን ጨምሮ ልዩ ልዩ አምራቾች መዝገባቸውን በአንድ ፋይል ጠቅልለው ያወጣሉ፤ ኢንተርኔት ካለበት ከተማ በንጹሕ ፍላሽ አምጥቶ መጫን ይቻላል። ደሴ የሚወርድ ሰው ለዘመድ ዕቃ እንደሚያመጣ ሁሉ ይህንንም ቢያመጣ ምን አለበት?

ስለ ማሽኖቹ ዕድሜም እውነቱን እንነጋገር። የኤክስፒ ጥገና መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም፣ የዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ጥገና ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ብዙ የጸረ ቫይረስ አምራቾችም ኤክስፒን ትተውታል። እንዲህ ያለው ማሽን ቢያስጠነቅቅ ማስጠንቀቂያውን ዝም ለማሰኘት ከመታገል ከኢንተርኔት ነቅሎ በጽሕፈት ልምምድና በትምህርት መርጃ ዝግጅት ላይ ማዋል ይሻላል። ማሽኑ ከቻለ ቀለል ያለ የሊነክስ ዓይነት መጫንም አንድ መንገድ ነው። አሮጌ ነው ተብሎ ይጣል የሚሉትን ግን አንደግፍም፤ የሚጣለው ማሽን ነገ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት የሚመኘው ነው።

ምን ይደረግ? በበኩላችን የሚከተለውን እናቀርባለን። ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር አንድ ደብተር ይኑር፤ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ቃል በቃል፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይጻፍበት፤ ምን እንደ ተደረገም ይመዝገብ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ሦስት ነገር አንድ ላይ ነካክቶ «ተስተካከለ» የሚል ሰው የትኛው እንዳስተካከለው አያውቅም፤ ሊያስተምርም አይችልም። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የሁሉም ሰዓት ይታይ፤ የደከመው ባትሪ ገመዱ ተነቅሎ ይቀየር። ጸረ ቫይረሱ አንድ ይሁን። ሠልጣኞች በተራ ተጠቃሚ ስም ይግቡ፤ የመጫንና የመንቀል ሥልጣን ለኀላፊው ይተው። ከኔትወርኩ የተለየ አንድ ኮምፒዩተር የፍላሽ መፈተሻ ኬላ ሆኖ ይመደብ። የውጤት መዝገብ ያለበት ኮምፒዩተር ሁልጊዜ ሁለተኛ ቅጂ ይኑረው፤ ከተቻለም በወረቀት ጭምር። ፎርማት የሚባለው ቃል ቅጂው ሳይረጋገጥ ከማንም አፍ አይውጣ።

«ይህ ሁሉ ለአንድ ቀይ ምልክት?» የሚል ይኖራል። አሠልጣኞችም የክፍለ ጊዜ ጥበት እንዳለባቸው፣ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ ሠልጣኝ ተጣቦ እንደሚሠራ እናውቃለን። ሆኖም ማስጠንቀቂያው በወጣ ቁጥር ኀላፊው መጥቶ ዘግቶት የሚሄድ ከሆነ ሠልጣኙ የተማረው መዝጋትን ነው። አሥር ደቂቃ ወስዶ «እስቲ ለምን ይመስላችኋል?» ቢባል ግን ያ ምልክት የማስተማሪያ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። ከተመረቁ በኋላ የሚያስፈልጋቸው ይኸኛው ነው፤ በሚሄዱበት ቦታ የሚጠራ ኀላፊ የለምና።

ስለዚህ ከርእሱ ላይ ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ቀዩንም አረንጓዴውንም በጭፍን አንመን፤ ሁለቱንም እንጠይቅ። ሰዓቱን እንይ፤ ዘበኞቹን እንቁጠር፤ የሚናገረው ማን እንደ ሆነ እንለይ፤ ፍላሹን እንፈትሽ፤ ያገኘነውን እንጻፍ። በሚቀጥለው ሳምንት ኮምፒዩተር ክፍል የምትገቡ ሠልጣኞች ቀዩ ምልክት ሲወጣ እጃችሁን ወደ መዝጊያው ከመስደዳችሁ በፊት ደብተራችሁን አውጡ። አሠልጣኞችም ሥራውን ከእጃቸው አትንጠቋቸው፤ ከጎናቸው ቁሙና ይሞክሩት።